ስለ መስመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ድሬዳዋና ሐረር ሆነው ሥዕልና ዲዛይን ለሚማሩ

ድሬዳዋ ውስጥ ሥዕልና ዲዛይን ለሚጀምሩ ወጣቶች አስተምራለሁ። አንዳንዴም ተማሪዎቼን ይዤ ሐረር እወጣና በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ተቀምጠን እንስላለን። ብዙዎቹ የሚመጡት ቀለም ለመንካት ቸኩለው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መስመር ላይ አቆያቸዋለሁ። በዚህ መሃል ብዙ ይጠይቁኛል፤ ጥያቄዎቹም ከዓመት ዓመት ይመሳሰላሉ። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ መስመርን ከስልክ ላይ ሥዕል እየገለበጡ ከመማር ከደጃችን መማር ይሻላል። ድሬና ሐረር ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷቸዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መስመር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነጥብ ሲንቀሳቀስ የሚተወው ዱካ ነው። እርሳስ፣ ብሩሽ፣ ክር፣ ሽቦ፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ ሐዲድ፣ ሁሉም መስመር ይሠራል። ሒሳብ ላይ መስመር ርዝመት ብቻ ነው ያለው። ሥዕል ላይ ግን ውፍረትም፣ ፍጥነትም፣ አቅጣጫም አለው። የሳለው ሰው እጁን ጫን ማድረጉ ወይም ለቀቅ ማድረጉ ይታወቅበታል።

ሳይሰመር የሚታይ መስመርም አለ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ በተርታ የተቀመጡ ቅርጫቶችን አስቡ። ማንም ያሰመረው ነገር የለም፤ ዓይን ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ተርታውን ይከተላል። ሥዕል ውስጥ ያለ ሰው ወደ ቀኝ ካየ እኛም ወደ ቀኝ እናያለን። ፖስተር የምትሠሩ ልጆች ይህን ልብ በሉት። ፊት ያለበት ፎቶ ስትጠቀሙ የሰውየው ዓይን ወደ ጽሑፉ ይመልከት። ወደ ውጭ ካየ አንባቢውንም ይዞት ይወጣል።

ተፈጥሮ ውስጥ መስመር የለም ይባላል። እውነት ነው?

በአንድ በኩል እውነት ነው። ጀበና አንስታችሁ ብታገላብጡት ዙሪያውን የሚከብ መስመር አታገኙም። ያለው የጀበናው ጥቁረት አልቆ የግድግዳው ቀለም የሚጀምርበት ድንበር ብቻ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህን አጥብቆ ያምን ነበር። ፊት ሲስል ጠርዙን በመስመር ከመዝጋት ይልቅ በጥላ ቀስ እያለ ያደበዝዘው ነበር።

ታዲያ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ በአራት ጭረት የተሳለ ፍየል እንዴት ያውቃል? ምክንያቱ ያለው አንጎላችን ውስጥ ነው። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1950ዎቹ መጨረሻ የድመትን አንጎል ሲያጠኑ አንድ ነገር አገኙ። ከዓይን የሚመጣውን መልእክት የሚቀበሉ አንዳንድ ሴሎች የሚነቁት የተወሰነ አቅጣጫ ያለው ጠርዝ ሲያዩ ነው። አንዱ ለቋሚ፣ ሌላው ለተጋደመ፣ ሌላው ለሰያፍ። ለሥራቸው በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። እንግዲህ ወረቀት ላይ መስመር ስናስቀምጥ አንጎል ራሱ የሚፈልገውን ነገር አቅርበን መስጠታችን ነው። ከድሬዳዋ ደቡብ ምዕራብ ባለው በለጋ ኦዳ ዋሻ ዓለት ላይ በጥንት ሰዎች የተሳሉ ከብቶችን ዛሬም ያለ አስተርጓሚ የምናውቃቸው ለዚህ ነው።

ስንት ዓይነት መስመር አለ?

ረጅም ዝርዝር ታገኛላችሁ። እኔ ቋሚ፣ አግድም፣ ሰያፍ፣ ጥምዝና ስብርብር የሚሉትን ያዙ እላለሁ። ሌላው ከእነዚህ የሚወጣ ነው።

ቋሚ መስመር የመስጊድ ሚናራና ድሬዳዋ ያለው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ግንድ ነው፤ ቀና ያደርጋል። አግድም መስመር በበጋ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው፤ ያርፋል። ሰያፍ ሊወድቅ ወይም ሊሮጥ ያለ ነገር ስለሚመስል ሥዕሉን ያነቃዋል። ስብርብር ያቁነጠንጣል። ጥምዝን ማየት የፈለገ ከሐረር ወደ ድሬ ሲወርድ ደንገጎ ላይ በመስኮት ይመልከት። መንገዱ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ እንደገና ይታጠፋል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርዝ በ1753 እንዲህ ያለውን፣ ሁለት ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚታጠፍ መስመር፣ «የውበት መስመር» ብሎት ነበር። ከሁሉ መስመር እሱ ያምራል ብሎ ይከራከር ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም። ግን ዓይን በጥምዝ መንገድ ላይ እንደማይሰለች አይቻለሁ።

እነዚህን ስሜቶች ሕግ አድርጋችሁ እንዳትይዟቸው። ቋሚ መስመር ተደርድሮ ሲጠጋጋ የእስር ቤት ፍርግርግም ይሆናል።

አቦ፣ ቀጥ ያለ መስመር እጄ አልወጣ አለኝ። ችሎታ የለኝም ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከጣት መሳል ነው። ጣትና አንጓ ትንሽ ቅስት ይሠራሉ፤ ረጅም መስመር ግን ከትከሻ ነው የሚመጣው። መነሻና መድረሻ ላይ ነጥብ አድርጉ። እርሳሱን ወረቀቱን ሳታስነኩ አንድ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ አመላልሱት። ከዚያ ዓይናችሁን መድረሻው ላይ ተክላችሁ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። የእርሳሱን ጫፍ አትከተሉ። ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፤ በእጅ የተሰመረ መስመር በማስመሪያ ከተሰመረው የበለጠ ሕይወት አለው። አጭር አጭር ጭረት እየቀጣጠላችሁ ግን አትሂዱ። ያ መስመሩን ጸጉራም ያደርገዋል፤ ፍርሃታችሁንም ያሳብቃል።

መስመሬ ልክ ነው፤ ሥዕሉ ግን በድን ነው። ምን ጎደለው?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ስላለው።

ጀበናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። መስኮቱ በስተግራችሁ ይሁን። መጀመሪያ ዙሪያውን በአንድ ዓይነት ውፍረት ሳሉት። ከሽቦ የተጠማዘዘ ጀበና ይመስላል፤ ውስጡ ባዶ ነው። አሁን ሌላ ወረቀት ውሰዱ። ከታች፣ መቀመጫው ጠረጴዛውን በሚነካበት ቦታ፣ እርሳሱን ጫን አድርጉ። የጀበናው ክብደት ያረፈው እዚያ ነው። በቀኝ በኩል ሆዱን ይዛችሁ ስትወጡ መካከለኛ አድርጉት፤ ያ ጥላ ያለበት ወገን ነው። ጆሮው ከአንገቱ ጋር የሚጋጠምበት ስርጉድ አለ። ብርሃን አይደርስበትም፤ እዚያ እንደገና ጫን በሉ። በግራ በኩል ብርሃኑ ሆዱን በሚመታበት ቦታ መስመሩን አሳሱት። ደፈር ካላችሁ ጭራሽ አቋርጡት። የጎደለውን የተመልካቹ ዓይን ይሞላዋል።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ቅርጹ አንድ ነው። የሁለተኛው ጀበና ግን ቡና የያዘ ይመስላል።

ስለ ውፍረት ልትይዙት የሚገባው ነገር ይኸው ነው። የቀረበ፣ የከበደ፣ ጥላ ያረፈበት፣ ሌላውን የሸፈነ ነገር ወፍራም መስመር ይፈልጋል። የራቀ፣ የቀለለ፣ ብርሃን የመታው ቀጭን ይበቃዋል። ፊት ላይ ስትሠሩ ደግሞ የላይኛው የዓይን ቆብ ከታችኛው ይወፍራል፤ ምክንያቱም የላይኛው ጥላ ያጠላል። የአፍ መሃል መስመር ከከንፈር ዳር ይጠቁራል። የከንፈርን ዙሪያ እኩል ያሰመረ ሰው ሊፒስቲክ ቀብቶት ነው የሚወጣው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ዙሪያቸው በወጥ ጥቁር መስመር ተከቦ እንዴት ያምራሉ የሚል ጥያቄ ይነሳል። እነሱ ሌላ ዓላማ አላቸው። እዚያ መስመሩ የሚያገለግለው ምስሉን ከሩቅና በደብዛዛ ብርሃን በግልጽ ለመለየት ነው፤ ክብደትና ጥላ ማሳየት ሥራው አይደለም። የምትፈልጉትን ካወቃችሁ ወጥ መስመርም ትክክል ነው።

ከዚራ ላይ ፐርስፔክቲቭ (ርቀትን በመስመር ማሳየት) ይሳካልኛል። ጁገል ውስጥ ግን ይበላሽብኛል። ለምን?

ሁለቱ ሰፈሮች በተለያየ መንገድ ስለተሠሩ ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1902 ሲደርስ ነው። ከዚራ በፕላን የተነደፈ ሰፈር በመሆኑ መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው። እዚያ ቆማችሁ ስትስሉ የመንገዱ ዳር፣ የዛፎቹ ሥር፣ የጣሪያው ጠርዝ ሁሉ ሩቅ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። የአሮጌው ሐዲድ ሁለት ብረቶች 1 ሜትር ተራርቀው ነው እስከ መጨረሻው የሚሄዱት። ዓይን ግን ሩቅ ላይ ሲገጥሙ ያያል። ጣሊያናዊው አርክቴክት ብሩኔለስኪ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍሎረንስ ውስጥ በተግባር ያሳየው ይህንኑ ነው።

ጁገል ሌላ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። አምስት ታሪካዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። በውስጡ ያሉት ጠባብ መንገዶች ደግሞ ቤት በቤት ላይ እየተጨመረ፣ መሬቱን እየተከተሉ የተፈጠሩ ናቸው። መንገዱ ይታጠፋል፣ ይጠባል፣ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ መገናኛ ነጥብ የለም። እያንዳንዱ ግድግዳ የራሱ ነጥብ አለው። ተማሪዎች ሁሉንም ወደ አንድ ነጥብ ሲጎትቱ መንገዱ ተጨምቆ ይወጣል።

የምናደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዓይናችሁን ከፍታ ወረቀቱ ላይ በስሱ አስምሩ። ቁጭ ብላችሁ ከሆነ ዝቅ ይላል። ከጎናችሁ ያለው ግድግዳ ላይ ከዓይናችሁ ጋር እኩል የሆነ ድንጋይ ወይም ንቃቃት ፈልጉ፤ እሱ ምልክታችሁ ነው። ከዓይናችሁ በላይ ያለ ውሃ ልክ የሆነ ጠርዝ ሁሉ እየራቀ ሲሄድ ይወርዳል። በታች ያለው ይወጣል። ግድግዳው በታጠፈ ቁጥር አዲስ ነጥብ ታገኛላችሁ። ነጥቦቹ ሁሉ ግን ያቺ መስመር ላይ ያርፋሉ።

አሁን ተንኮሉ የሚመጣው ከቁልቁለቱ ነው። የበር ጉበን ውሃ ልክ ስለሚሠራ ወደ ዓይን መስመር ይሄዳል። መንገዱ ግን ተዳፋት ነው፤ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ዳርና ዳሩ የሚገናኙት ከዓይን መስመር በታች ነው፣ ዳገት ከሆነ በላይ። ይህን ያልለየ ሰው መንገዱን ሜዳ አድርጎ ይስለዋል፤ ግድግዳዎቹም ያዘነበሉ ይመስላሉ።

ከዚያ በኋላ ውፍረት ይመጣል። የፊተኛው ግድግዳ ጥግ የኋላውን በሚሸፍንበት ቦታ መስመሩን አወፍሩት። የኋላው ግድግዳ መስመር እዚያ ሲደርስ ትንሽ ሳይነካው ይቁም። በዚህች ክፍተት ብቻ መንገዱ ጥልቀት ያገኛል። ድንጋዩን በሙሉ አንድ በአንድ አትሳሉ። ጥግ ላይ ጥቂቱን አሳዩ፤ ሌላው ኖራ ተቀብቶ ይለፍ።

የሐረር ሰፌድ ላይ ያለው ጌጥ እንደ መስመር ይቆጠራል?

አዎ። እንዲያውም ስለ መስመር ከሰፌድ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

አንዱን አንስታችሁ ከእምብርቱ ተመልከቱት። የሣር እሽግ ከመሃል ይነሳና ሳይቋረጥ እየዞረ ወደ ዳር ይወጣል። ሰፌዱ በሙሉ አንድ ረጅም ጥምዝ መስመር ነው። ሰፊዋ በወስፌ እየወጋች ስስ ሣር ትጠመጥምበታለች፤ አዲሱን ዙርም ከቀድሞው ጋር ታያይዘዋለች። እያንዳንዷ ጥምጥም አጭር መስመር ናት። እሽጉን ታቋርጠዋለች፤ አትከተለውም። ጌጡ የሚወጣው ከእነዚህ አጫጭር መስመሮች ነው።

ቀለም የተነከረውን አለላ የምታስገባበትን ቦታ ሰፊዋ በየዙሩ ትወስናለች። በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ካስገባችው ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ያለ ጨረር ይወጣል። በየዙሩ አንድ ስፌት ወደፊት ከገፋችው ጨረሩ ይጋደማል፤ ሰፌዱ የሚሽከረከር ይመስላል። ገፍታ ገፍታ ከመለሰችው ስብርብር መስመር ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ሰያፍ የመሰላችሁ መስመር ትናንሽ ደረጃ ነው። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሰያፍ መስመር አጉልታችሁ ስታዩ የምታገኙት ደረጃም ያው ነው።

አስቸጋሪው ነገር ዙሩ እየሰፋ መሄዱ ነው። ዳር ላይ ያለው ዙር ከመሃሉ እጅግ ይረዝማል፤ ብዙ ስፌትም ይፈጃል። ጌጦቹ እኩል ተራርቀው እንዲወጡና መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥም ቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የለም። ንድፉ ያለው በሰፊዋ ጭንቅላትና ጣት ውስጥ ነው። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ስቱዲዮ ሥራ እኩል የዲዛይን ዕውቀት ነው፤ እንደዚያም ተብሎ ሊጠራ ይገባል።

የሐረሪ ቤት ውስጥ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ደግሞ አሰቃቀላቸውን እዩ። ታች ነደባው፣ ማለትም መቀመጫ መደቡ፣ ደረጃ በደረጃ አግድም መስመር ይሠራል። ላይ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ክብ ክቦቹ ሰፌዶች በተርታ ይሰቀላሉ። አግድሙ ያሳርፋል፤ ክቡ ያዞራል። ፖስተር ላይ ሚዛን እንዴት እንደሚጠበቅ ለሚጠይቀኝ ይህን ግድግዳ ነው የማሳየው።

በመስመር ብቻ ጥላ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። መስመሮቹን ጎን ለጎን አስጠግታችሁ ደርድሩ፤ ሲጠጋጉ ይጠቁራል፣ ሲራራቁ ይነጣል። የበለጠ ለማጥቆር በሌላ አቅጣጫ አቋርጧቸው። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር (1471–1528) በመዳብ ሰሌዳ ላይ በተቀረጹ መስመሮች ብቻ የፈረስ ገላ፣ ብረትና ቆዳ ለይቶ አሳይቷል። ምስጢሩ አቅጣጫው ላይ ነው። ጥላው መስመር የዕቃውን ቅርጽ ይከተል። ጀበና ሆድ ላይ ቅስት ይሁን፤ ግድግዳ ላይ ቀጥ ይበል። ሁሉንም ባንድ አቅጣጫ ካሰመራችሁ ክቡም ጠፍጣፋ ይሆናል።

ወደ ጎን የተሰመረ ልብስ ያወፍራል የሚባለው እውነት ነው?

ሐረር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ያሰፋ ሁሉ ይህን ምክር ሰምቷል። ነገሩ ግን እንደሚባለው አይደለም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1860ዎቹ ያሳየውን ሙከራ እናንተም ሥሩት። እኩል የሆኑ ሁለት ካሬዎችን ያለ ዙሪያ መስመር አስቡ። አንዱን ከላይ እስከ ታች በተጠጋጉ አግድም መስመሮች ሙሉት። ሌላውን በቋሚ መስመሮች። አግድም የተሰመረበት ረዘም ቀጠን ብሎ ይታያል። ቋሚው ሰፋ ይላል። ሄልምሆልትዝ ራሱ ወደ ጎን የተሰመረ ቀሚስ ቁመት እንደሚጨምር ጽፏል።

ገላ ግን ካሬ አይደለም። የመስመሩ ስፋት፣ ስንት እንደሆነ፣ ልብሱ የሚጠብ ወይም የሚሰፋ መሆኑ ሁሉ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ልብስ ሰፊ ለመሆን የምትማሩ ልጆች፣ ደንበኛዋን መስታወት ፊት አቁማችሁ ጨርቁን በሁለቱም አቅጣጫ ያዙላት። ከተለመደው ምክር ይልቅ መስታወቱን እመኑ።

ፊደል መጻፍ ከመስመር ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?

ሁሉም ነገር ያገናኘዋል። በመቃ ብርዕ የተጻፈ ፊደል አይታችሁ ከሆነ የቆመው እግር ወፍሮ አግድሙ ይቀጥናል። የብርዑ ጫፍ ጠፍጣፋና ተቆርጦ የተጋደመ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው ጫና መለዋወጥ አያስፈልገውም፤ አቅጣጫ ሲቀይር ውፍረቱ ራሱ ይቀየራል። ብራናው ላይ ከመጻፉ በፊት ደግሞ በሹል ነገር ተጭኖ መስመር ይወጣለታል። ቀለም የለውም፤ ከሩቅ አይታይም። ዓምዱን በሙሉ ቀጥ አድርጎ የያዘው ግን እሱ ነው።

ሐረር ደግሞ ቁርአን በእጅ ሲገለበጥባትና ሲጠረዝባት የኖረች ከተማ ናት። ሸሪፍ ሙዚየም ገብታችሁ የድሮ ጽሑፎቹን እዩ። የዓረብኛ ፊደል መጠን የሚለካው በብርዑ ጫፍ ነው። ብርዑ አንድ ጊዜ ሲነካ የሚተወው ነጥብ መለኪያ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ፊደል የአሊፍ ቁመት ስንት ነጥብ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ሌሎቹ ፊደላትም ከዚያ ይለካሉ። ይህን ሥርዓት በማስያዝ ስሙ የሚነሳው ባግዳድ ውስጥ የኖረውና በ940 የሞተው ኢብን ሙቅላ ነው።

የአማርኛ ሎጎ የምትሠሩ ሁሉ ፎንት ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት በጠፍጣፋ ጫፍ ጻፉ። የ«መ» እና የ«ጠ» መስመር የት መወፈር እንዳለበት እጃችሁ ያውቀዋል።

ለሎጎና ለባነር መስመሩ ምን ያህል ይቅጠን?

ሎጎውን አውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት። የጠፋ መስመር ካለ አወፍሩት ወይም አውጡት። ወረቀት ላይ ሲታተም ከሩብ ፖይንት በታች አትውረዱ። 1 ፖይንት ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሩቡ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ መስመር ካላችሁ ከዚህም አወፍሩ፤ ቀለሙ ከዳርና ከዳር እየገባ ይደፍነዋል።

ኢላስትሬተር የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ብዙዎችን የሚያስለቅስ ነገር አለ። ሎጎውን ስታሳድጉ የስትሮኩ (የመስመሩ) ውፍረት አብሮ እንዲያድግ ካላዘዛችሁት ባለበት ይቀራል። ስክሪን ላይ ያማረው ሎጎ ባነር ላይ የሸረሪት ድር ሆኖ ይወጣል። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ስትሮኩን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ማተሚያ ቤት ደርሶ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

የቤት ፕላን ላይ የተቆራረጠው መስመር ምንድን ነው?

ያለ ግን ከዚያ አቅጣጫ የማይታይ ጠርዝ ነው። የሚታየው በወፍራም ሙሉ መስመር ይሰመራል። ረጅምና ነጥብ እየተፈራረቁ የሚሄዱት መሃሉን ያመለክታሉ። ወፍራሙ ከቀጭኑ እጥፍ ይሆናል፤ ለምሳሌ 0.7 እና 0.35 ሚሊ ሜትር።

በመስመር አጠቃቀማቸው የትኞቹን ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ልይ?

ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀምሩ። በ1932 የተወለደው እዚሁ ሐረር ነው። ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1981 በስደት አሜሪካ አረፈ። ረቂቅ ሥዕልን አገራችን ውስጥ ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ ነው፤ ገጣሚም ነበር። አዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። እዚያ ስትገቡ መስመር የት እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን ቀለም ቀለምን ሲነካ እንዴት ያለ መስመር እንደሚፈጠር እዩ።

ቀጥሎ እስክንድር ቦጎሲያንን (1937–2003)። የጠልሰም (የክታብ) ጥቅልል ላይ ያሉ መስመሮችን ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥቷቸዋል፤ ከሩቅ ደመና የመሰለው ሲቀርቡት በስስ መስመር የተሞላ ነው። ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን ራሱን ሰብሮ፣ አጥፎ፣ አስጨፍሮ ሥዕል ያደርገዋል። የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት ስታዩ ደግሞ መስታወቶቹ የሚጋጠሙበትን ጥቁር መስመር ተከተሉ። ሥራውን አቅፎ የያዘውም፣ ሰውን ከሰው የሚለየውም እሱ ነው።

ፎቶ ላይ ወረቀት አድርጌ ባሰምር ይጎዳኛል?

አልፎ አልፎ አይጎዳም። ልማድ ካደረጋችሁት ግን ይጎዳል። ፎቶ ጠርዞቹን ሁሉ እኩል ያሳያል፤ የትኛው ይወፍር፣ የትኛው ይቅር የሚለውን አይነግራችሁም። መሳል ማለት ደግሞ ይህንኑ መምረጥ ነው። አሰምራለሁ ካላችሁ መጀመሪያ አሰምሩ፣ ከዚያ ፎቶውን ደብቁና ያንኑ በአሥር መስመር ብቻ ድገሙት።

ምን ዓይነት እርሳስ ልግዛ?

ኤች ቢ እና ፎር ቢ ይበቃሉ። አንዱ ለስስ፣ አንዱ ለጥቁር። ከእነሱ ሌላ ርካሽ ጥቁር እስክሪብቶ ያዙ፤ ላጲስ ስለማይነካው ከመሳላችሁ በፊት በደንብ እንድታዩ ያስገድዳችኋል። በድሬ ሙቀት እጅ ያልባል። ከመዳፋችሁ ሥር ቁራጭ ወረቀት አድርጉ፤ አለበለዚያ እርሳሱ ይጨማለቃል።

ለብቻዬ ምን ልለማመድ?

ዓይናችሁን ከዕቃው ሳታነሱ፣ ወረቀቱን ሳታዩ፣ በአንድ ያልተቋረጠ መስመር እጃችሁን ሳሉ። የተዛባ ነገር ይወጣል፤ እንዲዛባም ነው የምንፈልገው። የሚሠለጥነው ዓይን ነው።

ሁለተኛው፣ የቆመ ባጃጅ ምረጡና በሦስት ውፍረት ብቻ ሳሉ። ጎማው መሬት የሚነካበት፣ የጣሪያው ሸራ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ፣ ለእያንዳንዱ የትኛው ውፍረት እንደሚገባው ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ።

ሦስተኛውን ጁገል ውስጥ አድርጉት። ጠዋት ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው አጭር ነው፣ ግድግዳውም ይጠፋል። መንገድ የማትዘጉበት ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። የሰው ደጅ ከሆነ አስፈቅዱ፤ ሰው ልትስሉ ከሆነም ጠይቁ። የዓይን መስመራችሁን አስምሩ፣ ሁለት መታጠፊያ ያለው መንገድ ምረጡ፣ ሰውና ድንጋይ ከመጨመራችሁ በፊት የግድግዳዎቹን ጥግ ብቻ ጨርሱ። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ፣ ግን ቆማችሁ ሳሉት። የዓይን መስመሩ ከፍ ሲል የትኞቹ ጠርዞች አቅጣጫ እንደቀየሩ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩና በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉባቸው።